የሚያጉረመርመው ቤት

ቀለበቱን የምትቀበለው ባቡሩ ሳይቆም ነው።

ከድጄ ከሐዲዱ ዳር ቆማ ቀኝ ክንዷን ዘረጋች። ትንሿ የኤሌክትሪክ ባቡር ሦስት ባዶ ፉርጎዎቿን እየጎተተች ከግቤ ድልድይ ሥራ ወደ ወልቂጤ ዳገቱን ትወጣለች። ሾፌሩ ቤፔ በመስኮቱ አጎንብሶ ሰፊውን የናስ ቀለበት ክንዷ ላይ አጠለቀላት።

«ሲኞራ ካዲጃ! ዛሬ ፀሐይ ብዙ!»

«ከበዛብህ ጠቅልለህ አገርህ ውሰዳት!»

ሽማግሌው ሳቀ። ፉርጎዎቹ በፊቷ አለፉ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ የታጠፈ አዲስ ሸራ ተጭኗል። ሸራው በቃጫ ገመድ ታስሯል።

ገመዱ ላይ አራት ቋጠሮ አለ። ከቋጠሮዎቹ ቀጥሎ አንድ ላላ ያለ ዙር። በዙሩ ሥር ቀይ ክር።

የከድጄ እጅ ቀለበቱ ላይ ደረቀ።

ያ የገመድ ነጋዴዋ የሰፍያ ገመድ ነው። ከትናንት በስቲያ፣ ሐሙስ፣ ከድጄ እጅ መግባት የነበረበት ገመድ።

ባቡሩ ኩርባውን ዞሮ ጠፋ። እሷ ግን እዚያው ቆማ ቀረች። ፊቷን ማንም እንዳያይ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች።

ኅዳር ነው፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት። የመንገድ ኩባንያው ለድልድዩ ድንጋይ የሚያመላልስበት አንድ መስመር ሐዲድ ዘርግቷል። ከሐዲዱ በላይ ሽቦ ተወጥሯል። በመስመሩ ዳር ደግሞ ከድንጋይ የተሠሩ ሁለት ቤቶች አሉ። የላይኛው ሞተሩ ያለበት፣ ለሽቦው ኃይል የሚሰጠው ቤት ነው። ቀን ከሌት ስለሚያጉረመርም ያገሩ ሰው «የሚያጉረመርመው ቤት» ይለዋል። ሁለት መቶ እርምጃ ዝቅ ብሎ ያለው የምልክት ቤት ነው። ትንሽ ነው፤ የብረት በር፣ አንድ ደወልና አንድ እጀታ አለው። እጀታው ሲሳብ ከታች ቁርጡ ውስጥ ያለው ምልክት ቀይ ይሆናል። ቁርጡ ኮረብታውን ለሁለት ሰንጥቆ የወጣ ጠባብ መተላለፊያ ነው።

የምልክት ቤቱ ጠባቂ ከድጄ ናት። ባሏ የሞተባት የቡታጅራ ሴት። ጠራጊ ተብላ ተቀጠረች፤ የቀድሞው ጠባቂ በወባ ሲሞት እጀታውንም ቀለበቱንም ለእሷ ተዉላት።

ከድጄ የምትባል ሴት ግን የለችም።

እውነተኛ ስሟ መንበረ ነው። የጥያ አካባቢ ሴት፣ ክርስቲያን፣ የአንድ ልጅ እናት። አርበኞቹ የሚያውቋት «መርፌ» በሚል ስም ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ መንበረ ብሎ የጠራት ሰው የለም። አንዳንድ ቀን ስሟን ራሷ ለራሷ ትጠራዋለች፤ እንዳይጠፋባት።

ልጇ ገሠሠ ከአርበኞቹ ጋር ዱር ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ከሩቅ ተኩስ በሰማች ቁጥር ገሠሠ ሞተ ትላለች። በሐሳቧ ስንት ጊዜ እንደቀበረችው ቁጥሩ ጠፍቶባታል። አንዴ በመንገድ ዳር፣ አንዴ ወንዝ ውስጥ፣ አንዴ አሞራ በልቶት። ክፉውን ቀድማ ካሰበችው ክፉው የሚተዋት ይመስላታል።

የገመዱ ቋንቋ የመጣውም ከቤቷ ነው። ገሠሠ ዱር ከመግባቱ በፊት ባንዳዎች መንደሩን ሲከቡ የእንሰቱ አጥር ላይ ላላ ያለ ዙር ያለው ገመድ ትሰቅልለት ነበር። ዙር ማለት አትምጣ፣ ሂድ፣ ወደኋላ አትይ ማለት ነው። ልጁ ከሩቅ አይቶ ይመለሳል። ስለላው ሲጀመር ይህንኑ ለሰፍያ አስተማረቻት። ሰፍያ ከአረቅጥ ቃጫ ገዝታ እየገመደች በየሁለት ሳምንቱ ወልቂጤ ገበያ የምታመጣ ነጋዴ ናት። የምስጢር ስሟ «ክር» ነው፤ ለምልክትም ገመዷ ላይ ቀይ ክር ታስራለች። የቋጠሮው ቁጥር ሰው ይናገራል። አንድ ማለት የአርበኞቹ አለቃ ነው፣ እነሱ «ጎረቤት» የሚሉት። ሁለት የጣሊያኖቹ መኮንን። ሦስት ቤፔ።

አራት ሸረፋ ነው።

ሸረፋ የሚያጉረመርመው ቤት ሠራተኛ ነው። የመስቃን ሰው፣ ቀልደኛ፣ ጣሊያንኛ የሚያውቅ። «ቁልፍ» ይሉታል፤ ኃይሉን የሚቆርጠውና የሚለቀው ትልቁ እጀታ በእጁ ስለሆነ። ከእነሱ ጋር መሥራት ከጀመረ ስድስት ወሩ ነው። ሐሙስ ዕለት ሰፍያ ሳትመጣ ስትቀር በሩ ላይ ብቅ ያለው እሱ ነበር።

«ሰፍያ አሟታል። መልእክቱን በቃል ነግራኛለች።»

«ምን አለች?»

«ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ባቡሩ ጥይት ጭኖ ይወርዳል። አንቺ ቀለበቱን ስጪው። ቁርጡ ውስጥ ሲገባ ምልክቱን ቀይ አድርጊበት። ሲቆም እኔ ኃይሉን እቆርጣለሁ። ጎረቤት አርባ ሰው ይዞ ከኮረብታው ይወርድበታል።»

«ለጎረቤት ማን ነገረው?»

«እኔ ልኬበታለሁ። በአንቺ ስም።»

ያኔ አመነችው። ከአርባዎቹ አንዱ ገሠሠ መሆኑን ስለምታውቅ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም እንጂ አመነችው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ገመዱ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

ቁልፍ። ሽሺ።

ሰፍያ ደርሳበት ነበር። ለእሷ ለመንገር ስትመጣ መንገድ ላይ ያዟት። ሸረፋ ቋጠሮውን ማንበብ አይችልም፤ ለእሱ ገመድ ገመድ ነው። መጣል ነበረበት። ማቃጠል ነበረበት። ግን በዚህ አገር ያደገ ሰው፣ እናቱ እንሰት ስትፍቅ እያየ ያደገ ሰው፣ ጥሩ ቃጫ እንዴት ይጥላል? አስቀመጠው። ጠዋት ወደ ድልድዩ የወረዱት ጫኞች ማሰሪያ ሲጠይቁት አውጥቶ ሰጣቸው።

መንበረ ወደ ቤቱ ገብታ የብረት በሩን ዘጋች።

ያ ሸራ ጥይት አይሸፍንም። ወታደር ነው የሚሸፍነው። ባቡሩ ቁርጡ ውስጥ ይቆማል፤ አርባዎቹ ይወርዳሉ፤ ሸራው ይገለጣል።

ኮረብታው ለዓይን ቅርብ ቢሆንም ገደሉን ዞሮ ለመውጣት የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ቤቷን ጥላ ስትወጣ ከታየች ሸረፋ ያውቃል። ምልክቱን ቀይ ባታደርገው ደግሞ ሸረፋ ኃይሉን ቆርጦ ባቡሩን እዚያው ቁርጡ ውስጥ ያስቆመዋል። አርባዎቹ የሚጠብቁት የባቡሩን መቆም ነው። ከቆመ ይወርዳሉ።

ስለዚህ ባቡሩ ቁርጡ መግባት የለበትም።

ዓይኗ ቀለበቱ ላይ ዐረፈ።

ሐዲዱ አንድ ነው፤ ቀለበቱም አንድ ነው። ከምልክት ቤቱ እስከ ድልድዩ ያለው መስመር የሚገባው ቀለበቱን የያዘ ብቻ ነው። ቤፔ ይህን ሕግ እንደ ጸሎት ነው የሚይዘው። በአገሩ ወጣት ሳለ አንድ ባልንጀራው ያለ ቀለበት ገብቶ ከሌላ ባቡር ጋር ሲጋጭ አይቷል። ሁለት ጣቱን ያጣው የዚያን ቀን ነው። «ያለ ቀለበት?» ይላታል ሁልጊዜ፣ የጎደለ እጁን እያሳየ። «ያለ ቀለበት ንጉሥ ቢመጣ፣ አይሆንም።»

በዚህ ቦታ ከሥራ ውጪ ያነጋገራት ሰው ቤፔ ብቻ ነው። ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣላታል። የሴት ልጁን ፎቶግራፍ አሳይቷታል። አንዴ እርጥብ ነጠላዋን የሽቦው ምሰሶ ላይ ስታሰጣ አይቶ ባቡሩን አቁሞ ወርዶ ጮኾባታል።

«እርጥብ ነገር፣ ሞት! ደረቅ ገመድ ምንም የለም። እርጥብ፣ ሞት! ብረት ደግሞ ሽቦና ሐዲድ ካገናኘ» አለና በሁለት እጁ የእሳት ነበልባል ሠራ፤ ወደሚያጉረመርመው ቤትም ጠቆመ። «ቫልቮላ ነበረች። ኃይል ሲበዛ ራሷ ተቃጥላ ቤቱን የምታድን ቀጭን ሽቦ። አለቀች። አሁን ወፍራም መዳብ አድርገዋል፤ አትቃጠልም። ሸረፋ እጀታውን ቶሎ ካልጣለ፣ ቤት የለም።»

ያን ቀን ነጠላዋን ከምሰሶው አወረደች። መርፌ የሰማችውን አትጥልም።

ከቤቱ ጀርባ ጥልቅ የሽንት ቤት ጉድጓድ አለ። ቀለበቱን በነጠላዋ ሸፍና ሄደች። ጣለችው። ከሥር የመጣው ድምፅ ትንሽ ነበር።

ከዚያ ተቀመጠች፤ ጠበቀች። የሚያጉረመርመው ቤት ያጉረመርማል። ለማርያም የምትለውን ጸሎት ከንፈሯን ሳታነቃንቅ በልቧ አለችው። ሦስቴ ጀመረችው፤ ሦስቴም መሐሉ ላይ ገሠሠ ገባባትና ጠፋት።

ስድስት ሰዓት።

ባቡሩ ከላይ መጣ። ሦስቱም ፉርጎዎች በሸራ ተሸፍነዋል። ቤፔ እጁን በመስኮት አውጥቶ ቀለበቱን ለመቀበል ተዘጋጅቷል። አጠገቡ ቀጭን ወጣት መኮንን ቆሟል።

መንበረ ባዶ ክንዷን አሳየች።

ፍሬኑ ጮኸ። ባቡሩ ከፊቷ ቆመ።

«ካዲጃ! ቀለበት?»

«ታች ነው፣ ጌታዬ። ሐዲድ ፈታሾቹ በእጅ ጋሪ ሲወርዱ ይዘውት ሄዱ። ገና አልተመለሱም።»

ቤፔ ወደ መኮንኑ ዞረ። በቋንቋቸው ተነጋገሩ። መኮንኑ እጁን ወደፊት ወረወረ፤ ሂድ ማለቱ ነው። ቤፔ ራሱን ነቀነቀ። መኮንኑ ጮኸ። ቤፔ ኮፍያውን አውልቆ መቀመጫው ላይ አኖረና ክንዶቹን አጣመረ። ከዚያ መንበረም ጭምር እንድትሰማ በአማርኛ ተናገረ።

«ቀለበት ታች ካለ፣ ሰው ታች አለ። አልሄድም።»

መኮንኑ ሽጉጡን አወጣ። ቤፔ ሽጉጡን አየ፤ ከዚያ የጎደለ እጁን አንሥቶ አሳየው።

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ባቡሩ ሲሄድ ነፋስ ነበር፤ አሁን ነፋስ የለም። ከሸራው ሥር አንድ ሰው ሳለ። ሌላም ሳለ። ሸራው ተነፋ፣ ተንቀሳቀሰ።

መንበረ ዓይኗን ከኮረብታው ላይ አልነቀለችም።

እዩ። እባካችሁ እዩ።

የመሐለኛው ፉርጎ ገመድ ተበጠሰ። አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ትንፋሽ አጥሮት ተንከባሎ ወረደ። ተከትለውት ሌሎች ወረዱ፤ ሃምሳ፣ ስልሳ ይሆናሉ፣ መትረየስ የተሸከሙም አሉ። በገላጣው ሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ፣ ለኮረብታው እንደ ገበያ ተዘርግተው ታዩ።

ኮረብታው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ከዚያ ምንም። ቆቆች እየጮኹ ከቁጥቋጦው ተነሡ፤ መጀመሪያ ከጫፉ፣ ቀጥሎ ከጀርባው። ሰው እየሸሸ ነው።

መኮንኑም አየ። ፊቱ ደም መሰለ። ወታደሮቹን አሰልፎ በሐዲዱ ላይ እያስሮጠ ወረደ። ሁለት አስካሪዎች ብቻ ባቡሩን እንዲጠብቁ ቀሩ። እነሱም በባቡሩ ማዶ ጥላ ውስጥ ተቀመጡ።

ልጇ ተርፏል። አሁን መሸሽ ትችላለች።

ግን ቤቱ እያጉረመረመ ነው። አሥራ አንድ ወር የተቀመጠችው ለዚያ ቤት ነው። ያ ቤት ካለ ድልድዩ ያልቃል፤ ድልድዩ ካለቀ መድፍና ካሚዮን ገሠሠ የተደበቀበት ድረስ ይሻገራል። ዛሬ ተረፈ። ነገስ?

ወደ ምልክት ቤቱ ገባች። ደወሉን ያዘች። አንድ ጊዜ ሲደወል ባቡር መጣ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ፣ ሄደ። ሦስት ጊዜ፣ አደጋ አለ፣ ድረሱ።

ሦስት ጊዜ ደወለች።

ሸረፋ እየሮጠ መጣ። ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«ምንድን ነው? ለምን ቆመ? ቀለበቱ የት ነው?»

«ግባ፣ ላሳይህ።»

ገባ። እሷ ከበሩ አጠገብ ቆመች።

«ከድጄ፣ ምን ሠራሽ? ጎረቤት እየጠበቀ እኮ ነው!»

«የሰፍያ ገመድ ሸራው ላይ ምን ይሠራል?»

ሸረፋ ፊቱን ወደ ደወሉ አዞረ።

«ጥሩ ቃጫ ነበር» አለ። «መጣል… አላስቻለኝም።»

«የት አለች?»

«አልተናገረችም። ወላሂ አንድ ቃል አልተናገረችም።»

«የት አለች፣ ሸረፋ?»

«ትናንት ሞተች።» ግድግዳውን ተደገፈ። «ሦስት ልጆች አሉኝ፣ እቴ። ስማቸውን ጽፈው ነው ያሳዩኝ። ልጅ የሌላት ሴት ይህ አይገባትም።»

«አንድ አለኝ» አለች መንበረ። «ኮረብታው ላይ ነበር።»

ሸረፋ ቀና ብሎ አያት። ያኔ ገባው። ወደ እሷ ተወረወረ።

ወደ ውጪ ዘለለች። የብረት በሩን ከኋላዋ ገፋችው። መቀርቀሪያው በውጪ ነው፤ ጣሊያኖቹ ናቸው ሌባ ፈርተው ያሠሩት። ወረወረችው።

ከውስጥ በሩ ተደበደበ። «ከድጄ! የኃይሉ እጀታ ላይ ሰው የለም! ከድጄ!»

እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

የምልክት ፋኖሱ የሚሰቀልበትን ሰንሰለት ከምሰሶው ፈታች። ረጅምና ከባድ ነው። አንዱን ጫፍ ሐዲዱ መጋጠሚያ ላይ ባለው ብሎን ጠመጠመች። ሌላውን ጫፍ በደረቅ ቃጫ አሰረች። በገመዱ ጫፍ ድንጋይ አሰረች። ከሰፍያ የቆዩ ገመዶች አንዱ ነበር።

ቀና ስትል ቤፔ አያት።

ከባቡሩ መስኮት ሆኖ ሰንሰለቱን አየ። ሐዲዱን አየ። ሽቦውን አየ። ፊቷን አየ። እሷም አየችው። የምትለው ነገር ነበራት፤ ግን በየትኛው ስሟ ትበለው?

ሽማግሌው ከባቡሩ እጀታ ላይ እጁን አነሣ። ከብረቱ ራቀ። ፊቱን ወደ ማዶ አዞረ።

ወረወረችው።

ድንጋዩ በሽቦው ላይ አለፈ። ገመዱን ሳበች። ሰንሰለቱ ከፍ አለ፣ ተጠጋ፣ ነካ።

ሰማያዊ እሳት።

ሰንሰለቱ እንደ እባብ ተገረፈ፤ ቀኝ እጇን አቃጥሎ ላጣት። ወደቀች። ከላይ የሚያጉረመርመው ቤት ድምፁን ቀየረ። አጓራ። ጮኸ። እንደሚታረድ በሬ ጮኸ፤ እጀታውን የሚጥል ግን ማንም አልነበረም። መስኮቶቹ ፈነዱ። ጥቁር ጭስ ወጣ፤ ዘይቱ ተያያዘና ጣሪያው ተነሣ።

ከዚያ ዝም አለ።

አሥራ አንድ ወር ጆሮዋ ውስጥ የነበረ ድምፅ ሲጠፋ ዓለም ባዶ የሆነ መሰላት።

አስካሪዎቹ ጠመንጃ ይዘው ብድግ አሉ። ቤፔ ከባቡሩ ዘሎ ወረደ፤ በእሷና በእነሱ መሐል ቆሞ በሙሉ ጉሮሮው ጮኸ። «ውኃ! ውኃ! ቤቱ! ሩጡ!» በሁለት እጁ ወደ እሳቱ ገፋቸው። ሮጡ። እሱ ተከተላቸው። አንዴም ወደኋላ አላየም።

መንበረ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ እንሰቱ ውስጥ ገባች። ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ከኋላዋ ተዘጉ።

ወሬው ቆይቶ ነው የደረሳት፤ በጉንችሬ በኩል ስታልፍ፣ ከገበያተኞች አፍ። ሸረፋ በምልክት ቤቱ ውስጥ ተቆልፎ ተገኘ። ሥራውን ጥሎ ከጠባቂዋ ጋር አብሮ ቤቱን ያስቃጠለ እሱ ነው ተብሎ ታሠረ፤ ማንም አላመነውም። ሽማግሌውን ሾፌር ደግሞ ትእዛዝ እምቢ ብሏል ብለው እጁን በካቴና አስረው ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ድንጋዩ እንደገና በአህያ ይጓጓዛል። የድልድዩ ሥራ በጅምር ቆሟል።

መጋቢት ላይ ቡታጅራ ገበያ አንዲት ገመድ ሻጭ ነበረች። ስሟን የሚያውቅ የለም፤ የጠየቃትም የለም። ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር አታወጣም። በየበሩ የተለጠፈው ወረቀት ቀኝ እጇ የተቃጠለ ሴት ይፈልጋል፤ ከእሷ ጋር የታየ ሰው ይሰቀላል ይላል። ሰፍያ ቡታጅራ ስትመጣ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ሁለት ሰው አልፋ ነው የምትቀመጠው። በዚያ ቦታ መቀመጥ አልቻለችም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ወጣት ፊቷ ቆመ። የጨው ነጋዴ ልብስ ለብሷል። ጢም አብቅሏል። በግራ እግሩ ትንሽ ያነክሳል።

«እናቴ፣ ለአህያ የሚሆን ጠንካራ ገመድ አለሽ?»

ለማንም ሴት የሚባል ቃል ነው። ሁሉም ገበያተኛ ይላታል።

ሁለት አስካሪዎች ከአጠገባቸው ሸንኮራ እያኘኩ ቆመዋል።

መንበረ ቀና አላለችም። ድምፅ ካወጣች ያውቃታል። ካወቃት ይጮኻል፣ ወይም ይደርቃል፣ ወይም ያቅፋታል። በሐሳቧ ሦስቱንም አየች፤ ሦስቱም ገመድ ላይ ያልቃሉ። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበችና ከክምሩ የተሻለውን ቃጫ መረጠች። እየጠቀለለችለት ሳለ በግራ እጇና በጥርሷ ጫፉ ላይ አንድ ነገር ሠራች። ዘረጋችለት።

ወጣቱ ተቀበለ። አውራ ጣቱ በገመዱ ላይ ሄደ፤ ጫፉ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ላላ ያለ ዙር።

ለረጅም ጊዜ አልተነቃነቀም። የጫማውን ጫፍ ታያለች፤ አቧራ ለብሷል፣ ጠርዙ ተቀድዷል። የሚሰፋለት ሰው የለም ማለት ነው።

አንዱ አስካሪ ዞረ። «አንተ፣ ምን ቆምክ? ገመድ አይተህ አታውቅም?»

«እንዲህ ያለ ጥሩ ቃጫ ካየሁ ቆይቻለሁ» አለ ወጣቱ።

ገመዱን በደረቱ ላይ አጣፍቶ አሰረው። ሄደ። በአህዮቹና በሰው መሐል እያነከሰ ሄደ፤ እንደተማረውም ወደኋላ አላየም።

መንበረ ቀና ብላ አየችው፣ እስኪጠፋ። ከዚያ ገመዶቿን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ገበያው ገና ሳይፈታ፣ በአረቅጥ መንገድ ከሚወጡት ሴቶች መሐል ገባች።